የጥቅምት መልእክት በበለጥሻቸው አፍ

በለጥሻቸው የትምህርት ቤቱን የጥቅምት መልእክት ይዛ መርካቶን ስትዞር ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላት። የምትዞረው በወረቀት አይደለም፣ በአፏ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጋሼ ኃይለመለኮት ጊዜ ነው። ጋሼ ኃይለመለኮት ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር በኩል ያለው የዚያ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ እሷ ደግሞ ጽዳትም ተላላኪም። ከጎጃም የመጣች፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች፣ ከዚያም ማታ ማታ ተምራ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ናት። ጥቅምት ሲገባ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ለወላጅና ለሰፈሩ ሰው መልእክት ይመጣል፦ ዘንድሮ ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ የትኛው ክፍል ታደሰ፣ ክትባቱ መቼ ነው፣ የወላጆች ስብሰባ በየትኛው ቀን ይሆናል። ጋሼ ኃይለመለኮት መልእክቱን አባዝተው ለየልጁ ያድላሉ፤ ስብሰባው ሲደርስ ግን የሚመጣው ሰው ከአሥር አይበልጥም። አንድ ቀን ታዲያ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ኦቾሎኒ ገዙ። ሴትዮዋ የጠቀለለችበትን ወረቀት ቢያዩት የገዛ ፊርማቸው ጫፉ ላይ ተጠቅልሎ አገኙት። ልጁ ለአባቱ ሰጥቷል፣ አባትየው ለኦቾሎኒ ሻጯ ሰጥቷል፣ መልእክቱ ዞሮ ዞሮ ለላኪው ደረሰ።

በማግስቱ ጠሯት። «በለጥሻቸው፣ አንቺ የሰማሽውን አትረሺም አሉ።»

«አልረሳም ጋሼ።»

ሁለቴ አነበቡላት። በሦስተኛው ራሷ አንድ ነገር ሳታስቀር መለሰችላቸው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ወረቀቱ ቀረና እሷ ወጣች።

ደግሞ እንዲሁ መናገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለጫማ ሻጩ ስትነግር መጀመሪያ የልጁን ስም ጠርታ ነው። ዓርብ ቀን ከጁምዓ በፊት ለሙስሊሞቹ፣ ከጁምዓ በኋላ ለሸማ ተራዎቹ። ሂሳብ ላይ ላለ ሰው ቆማ ትጠብቃለች፣ ላኮረፈ ሰው ቀልዳ ትጀምራለች። የማን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ የማን ልጅ እንደደገመ፣ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። በርጩማ ይሳብላታል፣ ሻይ ይታዘዝላታል። «እትዬ በለጥሻቸው መጣች፣ ጥቅምት ገባ ማለት ነው» ሲሉ መስማት ደስ ይላት ነበር። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏም ቀድሟት ሄዷል። ዓመት ጠብቆ የሚመጣ የራሷ በዓል ይኼ ነበር።

ጡረታ ከወጣች ስምንት ዓመቷ ነው። እሷ ብትወጣም ዳይሬክተሮቹ ጥቅምት ሲደርስ ይጠሯታል፣ ያነቡላታል፣ ትዞራለች። ዘንድሮ ግን መስከረም አለቀ፤ የጠራት የለም።

ለምን እንደሆነ የገባት ዱባይ ተራ፣ ባህረዲን ጫማ ቤት ተቀምጣ ሳለ ነው። ባህረዲንን እሷ ስታውቀው አፍንጫውን የማይጠርግ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ልጆቹ እዚያው ይማራሉ። ስልኩ ጮኸና ነካው።

«እንደምን ዋላችሁ ውድ ወላጆች፤ እኔ መምህርት ፀደንያ ነኝ...» አለ የሴት ልጅ ድምፅ።

ከፊት ለፊት ካለው ሱቅም «እንደምን ዋላችሁ ውድ ወላጆች» አለ። ከጎን፣ ከላይኛው ፎቅ፣ ካልሲ ከሚሸጠው ልጅ ኪስም እንደዚሁ። አንዱ ጋ ሲያልቅ ሌላው ጋ ይጀምራል። የጥቅምቱ ሙሉ መልእክት ዓርብ ማታ በዚሁ በቴሌግራም ይወጣል፣ ጠብቁን ትላለች።

«ማናት?» አለች በለጥሻቸው፣ ሻይዋን አስቀምጣ።

«አዲሷ መምህርት ናት። ከወላጅ ጋር የመገናኘቱን ሥራ ለእሷ ሰጥተዋታል። ድምጿ አይጥምም እትዬ? ማር የላሰች እኮ ነው የምትመስለው!»

«ጉንፋን የያዛት ነው የሚመስለኝ።»

ባህረዲን ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ ሁሉ ያቺ ልጅ ሆነባት። እሷ በሁለት እግሯ ሦስት ቀን የምትጨርሰውን፣ ይቺ ቁጭ ብላ በአንድ ትንፋሽ! ደግሞ ሰዉ ይሰማታል፤ ሥራ ይዞ እንኳ ይሰማታል።

በማግስቱ ልታያት ብቻ ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሄደች። ቀጭን፣ ስኒከር የተጫማች፣ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ዘበኛው ሲነግራት ሮጣ መጣች።

«እትዬ በለጥሻቸው እርስዎ ነዎት? ስለ እርስዎ ያልነገረኝ ሰው የለም! አንድ ቀን ቁጭ ብለን እናወራለን፣ እሺ?»

«እሺ ልጄ» አለች። አንድ ቀን! ለሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ተሰጣት። ቆንጆ መሆኗም አናደዳት። አክብራ መናገሯም አናደዳት። ባለጌ ብትሆን ምን ነበረበት?

የዚያን ሌሊት ሐሳቧን ዘርዝሬ አላንገላታችሁ፤ ሐሙስ ጠዋት የምትወዳትን ነጠላ ለብሳ ወጣች። ልጅቷ ዓርብ ማታ ልታወጣው አይደል? እሷ ሐሙስ ታደርሰዋለች። ማንም አላነበበላትም፤ ግን ምን ማንበብ ያስፈልጋል? መልእክቱ ከዓመት ዓመት ያው ነው። መምህራን ተሟልተዋል፣ የልጆች ምገባ ይቀጥላል፣ ጣሪያው ታድሷል፣ ክትባት ለሚያስፈልጋቸው ይሰጣል፣ የወላጆች ስብሰባ የጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ስብሰባው በሠላሳ አንድ ዓመት ከቅዳሜ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ውሸት የተናገረች እንኳ አልመሰላትም።

ሸማ ተራ ስትደርስ ነጠላና ጋቢ የምትሸጠው ሸዋገነት ገና ከሩቅ ጮኸች። «ውይ እትዬ፣ ደግሞ ቅዳሜ እንዳትዪኝ!»

«ቅዳሜ ነው።»

«ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው! በዓመት በዓመቱ አንድ ዓይነት ነገር እነግርሻለሁ።»

«እኔ ምን ላድርግሽ? የተላክሁትን ነው የምናገር።»

የሦስቱን ቀን መንገድ በአንድ ቀን ጠቅልላ ዱባይ ተራንም፣ ሰባተኛንም አዳረሰች። ማታ እግሯን ሞቅ ባለ ውሃ ነክራ ተቀመጠች። ቀድማታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው መምጣቱን ለማየት ቀደም ብላ ሄደች። የትምህርት ቤቱ በር ዝግ ነው። በሩ ላይ ሠላሳ ያህል ወላጅ ቆሟል፤ ባህረዲን ሱቁን በጠዋቱ ዘግቶ፣ ሸዋገነት የጋቢ ገዢዎቿን ለጎረቤት ሰጥታ። ዘበኛው «ነገ ነው ተብያለሁ፣ ስምንት ሰዓት» ይላል፤ የሚሰማው የለም። በመጨረሻ ስልክ ተደወለና ፀደንያ በታክሲ መጣች፤ ፀጉሯን እንኳ በቅጡ አላሰረችም።

«በቴሌግራም እሁድ ብዬ ነበር እኮ» አለች፣ ግራ ገብቷት።

«ብለሻል» አለ ባህረዲን። «ስልኩ እሁድ ይላል፣ እትዬ በለጥሻቸው ቅዳሜ አለችን። ማንን እንመን? ሠላሳ ዓመት ተሳስታ የማታውቀዋን አመንን። ቀኑን ያበላሸሽው አንቺ መሆን አለብሽ።»

በለጥሻቸው ሰማች። ከሕዝቡ ኋላ ነበረች። ስልኩን ትተው እሷን አመኗት! ስኳር አፏ ላይ የሟሟ ያህል ጣፈጣት፤ አዎ፣ እውነቱ ይነገር፣ ጣፈጣት።

ከዚያ ሸዋገነት ወደ ልጅቷ ዞረች። «ቆይ አንቺ ልጅ፣ ሐምሌ ላይ ሱቄ ድረስ መጥተሽ 'የትኛው ቀን ይመቻችኋል?' አላልሽኝም? 'እሁድ' አልኩሽ፣ ደብተርሽ ላይ ጻፍሽ። ታዲያ ቅዳሜ ምን አመጣው?»

ፀደንያ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዓይኗ ከሕዝቡ ኋላ አሮጊቷን አገኛት። ተያዩ። ልጅቷ ገብቷታል። በለጥሻቸው «አሁን ትናገራለች» ብላ ነጠላዋን ጨበጠች።

«ይቅርታ» አለች ፀደንያ። «ሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ማረጋገጥ ነበረብኝ። የእኔ ጥፋት ነው። ነገ ስምንት ሰዓት እንጠብቃችኋለን።»

ወላጆቹ እያጉረመረሙ ወደየገበያቸው ሮጡ። በለጥሻቸውም ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነገሩን ብታወጣው ብታወርደው፣ የሚጎረብጣት ስብሰባው አልነበረም። ሐምሌ ላይ የተጠየቀው ጥያቄ ነው። ያቺ ልጅ በሐምሌ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ ሸማ ተራ ድረስ ሄዳ ሰዉን ጠየቀች። ሸዋገነት ለበለጥሻቸው ስንት ዓመት ነገረቻት? «ቅዳሜ ገበያ ነው» ስትላት ስንት ጊዜ ሳቀችባት? ባህረዲን ልጆቹ የጭነት መኪና መሐል እየተሹለከለኩ እንደሚያቋርጡ ስንቴ አማረረላት? ሁሉንም ታስታውሳለች፤ የሰማችውን አትረሳም። አንዱንም ግን ለዳይሬክተር አድርሳ አታውቅም። ከትምህርት ቤት ወደ ሱቅ ወሰደች እንጂ ከሱቅ ወደ ትምህርት ቤት አልመለሰችም። ማንም አላዘዛትም፣ እሷም አላሰበችውም። ይቺ ልጅ አሰበችው። ከቅናትም የባሰ ቅናት ይኼ ነው፤ ሰው በያዘው ሥራ የረሳውን ግማሽ ሌላ ሰው ሲያገኘው።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ፤ ወንበር አልቆ መስኮት ላይ የተቀመጠም ነበር። በለጥሻቸው የኋላው አግዳሚ ላይ ጥግ ይዛለች። ፀደንያ የጥቅምቱን መልእክት አነበበች፦ ዘንድሮ ከአምናው የበለጠ ልጅ ገብቷል፤ ምገባው ይቀጥላል፤ ክትባቱ የሚሰጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ በወላጆች ጥያቄ ስብሰባው ከእንግዲህ እሁድ ነው፤ ልጆቹ ሲወጡ የጭነት መኪና በሚያልፍበት በኩል ያለው በር ይዘጋና በጀርባው ይወጣሉ። አነባበቧ ጥሩ ነበር። መቆም ያለባት ቦታ ላይ ትቆማለች፣ ሰዉን ቀና ብላ ታያለች። በለጥሻቸው አንድ እንከን ፈለገች፤ አጣች። ተቃጠለች።

ቀጥሎ ልጅቷ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈች። «አሁን የእናንተ ሐሳብ» አለች፣ ማርከር ይዛ። የሚነገረውን ሁሉ ቁጥር እየሰጠች ትጽፋለች።

ሦስት ሐሳብ ከተጻፈ በኋላ ባህረዲን ተነሣ። «ለወደፊቱ ቀን ስታወጪ እንዳትሳሳቺ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ፀደንያ ፊቷ ቀላ፤ ሆኖም ዞራ አራተኛ ብላ ጻፈችው። በለጥሻቸው የልጅቷን ጀርባ አየች። ጣፋጩ ነገር ከትናንት ወዲህ አፏ ላይ ኮምጥጧል።

እጇን አወጣች። በዚያ ትምህርት ቤት አዳራሽ ስትጠርግ ኖራለች፤ እጇን አውጥታ አታውቅም።

«እትዬ በለጥሻቸው፣ ይናገሩ።»

«ቅዳሜ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሷ እሁድ ነው ያለችው። እኔ ማንም ሳይነግረኝ ነው የዞርኩት።»

«እንዴ፣ እትዬ!» አለ ባህረዲን፣ ገና እንደቆመ። «ለምን ብለሽ?»

«ቀንቼ ነዋ! ለምን ብዬ ነው ደግሞ?»

ሸዋገነት «ወይ እትዬ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እየሳቀች ይሁን እየተናደደች አይታወቅም።

ፀደንያ በበኩሏ እጇ እንደለመደው፣ የሰማችውን ሁሉ ስትጽፍ ስለቆየች፣ ዞራ ጻፈችው፦ «አምስተኛ፣ ቅዳሜ ያልኩት እኔ ነኝ።» ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ነው ምን እንደጻፈች ያስተዋለችው። ማርከሩን እንደያዘች ቆመች። ልትሰርዘው አሰበች፣ አልሰረዘችውም።

በለጥሻቸው ከኋላው አግዳሚ ላይ ቃሏን ፊደል በፊደል አነበበችው። የልጅቷ እጅ ጽሑፍም ያምራል።