ወገቡ የሞላ ቀስት

ጋሽ ወልደሥላሴ ቦንጋ ከተማ፣ ልጃቸው ሩሀማ ቤት መኖር ከጀመሩ አራት ዓመት ሆናቸው። ሚስታቸው እትዬ ወርቅአፈራሁ ካረፉ ወዲህ ማለት ነው። ሰባ ሦስት ዓመት ሞልቷቸውም ኮፍያቸውን ዘመም አድርገው የሚደፉ፣ ባጃጅ ሲጠብቁ እንኳ ደረታቸውን የሚነፉ ሰው ናቸው። ምን ይደረግ፣ ለምዶባቸዋል! በትውልድ መንደራቸው በማንኪራ አርባ ዓመት ሙሉ «እጁ የማይስት» እየተባለ የኖረ ሰው በምን ምክንያት አንገቱን ይደፋል?

ነገሩ የሚጀምረው ከአባታቸው ነው። አባትየው ንብ ይወዳሉ፣ ዛፍ መውጣት ግን ይፈራሉ። ንብ አርቢ ሆኖ ዛፍ መፍራት፣ ጉድ እኮ ነው! መንደሩ ሲስቅባቸው ጊዜ አንድ ዘዴ ዘየዱ። ቀስት ላይ ሲባጎ አስረው፣ በደጋን ወርውረው በረጅሙ የቀረሮ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያሳልፉታል። ሲባጎው በወዲያ በኩል ሲወርድ ገመድ ይቋጠርበትና ይጎተታል፤ ከዚያ ቀፎው በገመዱ ይሰቀላል፣ ማሩ ሲደርስም በዚያው ይወርዳል። ሌላው ግንድ ሲቧጥጥ እሳቸው እግራቸው መሬት እንደረገጠ ማር ይቆርጣሉ። ደጋኑን ልጃቸው ወልደሥላሴ ወረሱ። ዓይናቸውም ክንዳቸውም ደህና ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም።

ቀስቱን የሚሠሩት ግን እትዬ ወርቅአፈራሁ ነበሩ።

ሙሽራ ሆነው የመጡ ሰሞን፣ የባላቸው ቀስት ጅራቱን እያወዛወዘ ከቅርንጫፉ በታች ሲቀር አዩ። አነሱትና በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄማ ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው። ጅራቱ ከብዶት እኮ ነው የሚንገላታው» አሉ። ቁጭ ብለው በጠርሙስ ስባሪ ይፍቁት ጀመር። ወገቡን እንዳለ ተዉት፤ ወደ ፊቱና ወደ ጅራቱ ግን ቀስ በቀስ እየሳሳ እንዲሄድ አደረጉት። ሜትር የለ፣ ምን የለ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለት ጣት እያሻሹ ነው የሚለኩት። እንጨቱ ቀለለ፤ ወገቡ ስላልሳሳ ደግሞ አይልፈሰፈስም። ከደጋኑ ሲወጣ አንዴ ንቅንቅ ይልና ወዲያው ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። በዚያ ቀን ቅርንጫፉን አልፎ ሲሄድ፣ ወልደሥላሴ ሙሽራቸውን አቅፈው በደስታ አሽከረከሯቸው።

ሰው መጣ፣ አየ፣ «ወይ እጅ!» አለ። ወልደሥላሴም ፈገግ አሉ። በቃ፣ ያቺ ፈገግታ ናት አርባ ዓመት የቆየችው። እትዬ ወርቅአፈራሁ ጓሮ ተቀምጠው ሲፍቁ ያየ ቢኖርም ሚስት ባሏን ስታግዝ ነው ያየው ብለው ወልደሥላሴ ራሳቸውን አሳመኑ። አንድ ቀን እንኳ «ኧረ የእሷ ሥራ ነው» አላሉም። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሙገሳው ጣማቸው እንጂ።

ሲባጎው ተበጥሶ ቀስት ጫካ ገብቶ ሲጠፋ ሚስታቸው «ተወው፣ ሌላ እፍቅልሃለሁ» ይሏቸው ነበር። አሁን ያ ነገር ክፉኛ ይናፍቃቸዋል። ቦንጋ ውስጥ ጠዋት የሚኒባስ ረዳት ጩኸት ሲቀሰቅሳቸው፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ያንን እንጨት የሚፍቅ የጠርሙስ ድምፅ ጆሯቸው ይፈልጋል። ሚስታቸው ከፋቋቸው ቀስቶች የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ራሳቸው ሊፍቁ ሞክረው ነበር፤ ሁለት እንጨት አበላሽተው ተዉት።

ዘንድሮ ገመዱ በስብሶ ቀፎው ወደቀ። የማንኪራው ጎረቤታቸውና እኩያቸው ጋሽ አባተ ደወሉ።

«ወልዴ፣ ቀፎህ መሬት ላይ ነው። ትመጣለህ ወይስ ጎረምሶቹ ዛፍ ወጥተው ይስቀሉልህ?»

«በእኔ ቀረሮ ላይ? ወየውላቸው! ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ።

ይህን የሰማው የሩሀማ ባል ፍቃዱ ነው። ፍቃዱ ቦንጋ ላይ ቁም ሳጥንና አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ጉዱን ያመጣውም ደግነቱ ነው። ቀስቶቹን አገላብጦ ሲያይ «መሃላቸው እኮ አብጧል! የድሮ ሰው መሣሪያ አልነበረው፣ ምን ያድርግ» አለና፣ አማቱን ሊያስደስት፣ ሳይነግራቸው ይዟቸው ሄደ። ሁለቱን በማሽን ልጎ ከጫፍ ጫፍ እኩል አደረጋቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻቸው፣ ቫርኒሽ ቀባቸው። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። መብራት ኃይልን የረገመ ሁሉ ለዚያች ቀን እንኳ ይመርቀው!

«አባባ፣ አስተካከልኩልዎት» ብሎ ሰጣቸው።

ጋሽ ወልደሥላሴ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ወገብ የሚባል የለም። የሚስታቸው ልፋት በፍቃዱ ሥራ ቤት ወለል ላይ ሰጋቱራ ሆኖ ቀርቷል። «አውቃ እኮ ነው እንደዚያ ያደረገችው፣ ልጄ» ሊሉ አፋቸው ደረሰ፤ ግን አርባ ዓመት ያልተናገሩትን ዛሬ ከየት ይጀምሩታል? «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዋጡት።

ቅዳሜ ከፍቃዱ ጋር መንገዱ እስከሚያስኬደው ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ማንኪራ ገቡ። ቀረሮው ሥር ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ያንን የሚያውቁትን ቅርንጫፍ ቀና ብለው አዩት።

የመጀመሪያውን የተላገ ቀስት ለቀቁ። ወገቡ ስለሳሳ ከደጋኑ ሲወጣ ተልፈሰፈሰ፣ ጅራቱን ግራ ቀኝ እያማታ ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ባሰ፤ ግንዱን መትቶ ተመለሰ።

«ወልዴ፣ እጅህ ጡረታ ወጣ እንዴ?» አሉ ጋሽ አባተ። ሰው ሳቀ።

«ዕድሜ ነው፣ አትፍረዱባቸው» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ጋሽ ወልደሥላሴ ሦስተኛውን ቀስት ያዙ። ከሚስታቸው እጅ የቀረ ይህ ብቻ ነው፤ ቢጠፋ ወይ ቢሰበር የሚፍቅላቸው የለም። «አዎ፣ አርጅቻለሁ» ብለው ቀስቱን ይዘው ቤታቸው መግባት ይችላሉ። ማንም አይወቅሳቸውም። በጣታቸው ወገቡን ደጋግመው ዳበሱት። ከዚያ ጅማቱ ላይ ደገኑት፣ ጎተቱ፣ ለቀቁት።

አንዴ ንቅንቅ አለ፤ ወዲያው ቀጥ ብሎ ነጎደ። ሲባጎውን አስከትሎ ከቅርንጫፉ በላይ አለፈና በወዲያ በኩል ወረደ። ሲወርድ ድንጋይ አገኘውና ወገቡ ላይ ለሁለት ተሰበረ።

እልልታው ቀለጠ። «ብያለሁ እኮ! የወልዴ እጅ አይስትም!» እያሉ ጋሽ አባተ ትከሻቸውን ደበደቡ። ጋሽ ወልደሥላሴ ስብራቱን አነሱ። ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ፈገግታው አልመጣም።

«የእኔ እጅ አይደለም» አሉ።

«ምን አልክ?»

«የወርቅአፈራሁ ነው። ቀስቱን የምትፍቀው እሷ ነበረች፤ ሚስጥሩ ያለው ወገቡ ላይ ነው። እኔ ጎትቼ መልቀቅ ብቻ ነው፣ እሱን ማንም ይለቀዋል። ዛሬም የሳቱት ወገባቸው የተላገው ናቸው። አርባ ዓመት በእሷ ሥራ የተመሰገንኩት እኔ ነኝ።»

ፍቃዱ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «እኔ ነኝ ያበላሸኋቸው!» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሌላው ሰው ግን አልደነገጠም። ጋሽ ወልደሥላሴ ግራ ተጋብተው ጓደኛቸውን አዩ።

«እናውቃለን እኮ፣ ወልዴ» አሉ ጋሽ አባተ ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ያገባችህ ሰሞን ነው ያወቅነው። ዛፍ የምወጣ ሰው ከላይ ሆኜ ጓሮህን አላይም? ልቀልድብህ ስል እሷ ለመነችኝ። ‹ተዉት፣ አንድ ቀን ራሱ በሰው ፊት ይለዋል› አለች። ቀፎ በሰቀልክ ቁጥር ሥራዋን ጥላ እየመጣች እዚህ ትቆም የለም እንዴ? ቀስቱን ልታይ መስሎህ ነበር? ያንን ቃል ከአፍህ ልትሰማ ነበር።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ስብራቱን እንደያዙ እዚያው ቁጭ አሉ።

«ምነው ብትነግሩኝ፣ አባተ! ምን ነበረበት ብትነግሩኝ!» አሉና፣ ሰው እያያቸው አለቀሱ።