ድንጋይ የወደቀበት እግሬ

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ መገናኛ ላይ ለከተማው ባቡር ሲቆፈር የነበረ ዓመት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን የምረሳው አይመስለኝም፤ የልጅ ልጄ ነገር ነውና።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የለም። ኮተቤ፣ ካባ ውስጥ ድንጋይ ስፈልጥ ቋጥኝ በላው። በኋላ ከካርቦን ክርና ከሙጫ የተሠራ ጥቁር እግር ተገጠመልኝ። ቀላል ነው፤ እንደ ልቤ ያስኬደኝ ነበር።

ልጄ አልማዝ ብዙ ዓመት ሳትወልድ ቆየች። እኔም «ከወለደች ልጁን ራሴ ታቅፌ፣ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ እንጦጦ ራጉኤል አደርሰዋለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ወንድ ልጅ ወለደች።

ስለቴ ሲቃረብ የግቢዬን አጥር ስክብ አንድ ጥርብ ድንጋይ አምልጦኝ ጥቁሩ እግሬ ላይ ወደቀ። ባየው ጭረት እንኳ የለውም። ካባ ውስጥ ድንጋይ ደህና መሆኑን የምናውቀው በመዶሻ መትተን ነው። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። እግሬንም እንደዚያው መታሁት። ጮኸ። በቃ፣ ደህና ነው አልኩ።

ሰናይት የምትባል የጎረቤቴ ልጅ ግን ይህን ስትሰማ አልተዋጠላትም። መሐንዲስ ናት፤ እግሩ የተሠራበት ወርክሾፕ ነው የምትሠራው። መለኪያዋን ይዛ መጣች፤ የእግሩን ላይና ታች በሽቦ አገናኝታ ቁጥሩን አየች።

«ጋሽ ወርቁ፣ ይሄ እግር ውስጡ ተጎድቷል።»

«የቱ ጋ? አሳይኛ!»

«በዓይን አይታይም። ክሮቹ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ሲበጣጠሱ ኤሌክትሪኩ መንገድ ያጣል። ሲገጠምልዎ ለክቼው ነበር፤ አሁን ማሳለፉ በጣም ቀንሷል። ሌላ እስክንሠራልዎ እባክዎ አይርገጡበት።»

«እኛ ሰፈርም መብራት በየቀኑ ይጠፋል፤ ቤታችን ግን አልፈረሰም» አልኳት።

አልሳቀችም።

በስለቴ ቀን ሕፃኑን ታቅፌ ዳገቱን ያዝኩት። አልማዝ ከኋላዬ ናት። ሰናይትም ተከተለችን።

«አንቺ ጴንጤ፣ ራጉኤል ምን ልትሠሪ ነው?»

«እርስዎን ልሸከም።»

እግሬ ምንም ሳይለኝ ወጣሁ። ስለቴን አደረስኩ። ሰናይት ከቅጥሩ ውጪ ቆማ ጠበቀችን። «የታለ የተበጠሰው ክርሽ?» ብዬ አሾፍኩባት።

«መመለሻው ነው ያስፈራኝ» አለች። «ቁልቁለት ላይ ክብደት ሁሉ እግሩ ላይ ነው የሚያርፈው።»

ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ያዳልጣል። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች እያለፉን ይወርዳሉ። ጥቂት እንደሄድን ሰናይት ቀድማኝ መጥታ መንገዱን ዘጋችብኝ።

«ልጁን ለእናቱ ይስጡ።»

«ዞር በይ!»

«እግሩ የእርስዎ ነው፤ ይሰበር ካሉ ይሰበር። ልጁ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም።»

አልማዝ ታግዘኝ እንደሆነ ብዬ ዞርኩ። ሁለት እጇን ወደ ልጁ ዘርግታ ቆማለች። ለካ መንገዱን ሁሉ እንዲያ እጇን ዘርግታ ነው የተከተለችኝ።

ያን ሳይ፣ «እንኩ፣ ሁለታችሁም ደስ ይበላችሁ!» ብዬ ልጁን ሰጠኋት፤ ተቆጥቼም ወደፊት ሄድኩ።

ብዙም አልራቅኩ። ቋ! አለ። መሬቱ ወደ እኔ መጣ። በደረቴ አንድ ሹል ድንጋይ ላይ ወደቅኩ፤ ትንፋሼ ጠፋ። ቅጠል ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን ጥለው ሲያነሱኝ ጥቁሩ እግር እንደ ሸንበቆ ተሰንጥቆ ክሩ ወጥቷል። ልጁ እናቱ እቅፍ ውስጥ ተኝቷል፤ አልነቃም።

ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰበረ። ድንጋዩ የመታኝ ልክ የልጁ ራስ አርፎበት የነበረው ቦታ ላይ ነው።

ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳል። እኔን ደግሞ ብርድ ሲሆን ደረቴን ይወጋኛል። ሰዎች «መድኃኒት ውሰድ» ይሉኛል። አልወስድም። በወጋኝ ቁጥር ተመስገን እላለሁ፤ ሕመሙ የማን ሊሆን እንደነበር አውቃለሁና።