ሦስት ጊዜ ያረምኩት ቃል

ሊወስዱኝ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አብረውኝ የሚያጠኑት ልጆች የሚመጡት ስምንት ሰዓት ነበር፤ መሀል ላይ የነበረውን አምስት ሰዓት ዛሬም እንደ ትልቅ ዕድል እቆጥረዋለሁ። ሁለት ሆነው አብነት ሰፈር ያለው ቤቴ ገቡ። አንደኛው ጫማውን በሩ ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ደብተሬን ከጠረጴዛው አንስቶ ገለጠ፣ የሳልኩት ጉበት ላይ ሲደርስ ወደ ጎን አዙሮ አየው፣ ከዚያ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ማነው የሚመጣው?"

"ዘመድ" አልኩት። ጋቢዬን እንድይዝ ፈቀዱልኝ፤ በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

ለምን እንደተወሰድኩ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልበል። ሃያ ስድስት ዓመት በዲፕሎማ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ዲግሪ የሌለው ከቦታው ይነሳል ተባለና በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የማታ ተማሪ ሆንኩ፤ ባዮሜዲካል ሳይንስ። ልጆቼ የሚሆኑ ሦስት ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ እየመጡ አብረን እናጠና ነበር። እኔ የእጅ ሥራውን አሳያቸዋለሁ፣ እነሱ ባዮኬሚስትሪውን ያስረዱኛል። በሥራም በትምህርትም አብራኝ ያለች አንዲት ሴት ይህን ሰምታ "እኔም ልምጣ" አለችኝ። ቤቴ ጠባብ ነው አልኳት። ቤቴ ጠባብ አይደለም። የሰው ነገር ከዚህ ወደዚያ ስለምታመላልስ ነው። ከማን ጋር እንደማጠና አልነገርኳትም። በሁለተኛው ሳምንት ተወሰድኩ። ያን ሰሞን ጥቂት ሰው አንድ ቤት መሰብሰቡ ብቻውን ያስጠይቅ ነበር። ማስረጃ የለኝም፤ ግን ቀን መቁጠር አያቅተኝም።

ያስገቡኝን ቦታ ስሙን አልጠራም። ከሰፈሬ ሩቅ እንዳልሆነ ያወቅኩት ንጋት ላይ የልደታ ማርያምን ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ስሰማ ነው። ክፍሉ ቀድሞ የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር፤ የመደርደሪያው ምስማሮች ግድግዳው ላይ ቀርተዋል፣ ልብሳችንን እንሰቅልባቸዋለን። ሰባት ሴቶች ነበርን። የበረኪና ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ካቦዋ፣ ማለት የክፍሉ ኃላፊ ያደረጓት እስረኛ፣ በር አጠገብ አስተኛችኝ።

"ማዘር፣ ምን አድርገሽ ነው?"

"አጥንቼ።"

ክፍሉ ሳቀ። "ታዲያ ወደቅሽ ማለት ነው" አለች ካቦዋ። እኔም ሳልወድ ፈገግ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ አመጡ። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። ካልሲዋ ንጹሕ ነበር። ቀጥታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ ሌላ ባዶ ቦታ ሳይጠፋ። የእኔን ትምህርት ከካቦዋ ሰምታ "እኔም እኮ ባዮሜዲካል ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት" አለችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት የትምህርት ዓይነት አለ። እዚህች ክፍል ውስጥ፣ እዚህች ፍራሽ ላይ፣ የእኔው ተገኘ።

ልፈትናት ወሰንኩ። "ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ደም ወሰድሽ እንበል። ቀጥሎ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እንዳይረጋ በደንብ እንንጠዋለን።"

አለቀ፣ ተልካብኝ ነው አልኩ በሆዴ። የተናጠ ደም ይፈርሳል፣ ለምርመራ አይሆንም። ቱቦው ቀስ ተብሎ ይገለባበጣል እንጂ አይናጥም፤ ይህን የጽዳት ሠራተኞቻችን እንኳ ያውቃሉ። ፊቴን አይታ ገባት።

"እትዬ፣ ተሳሳትኩ እንዴ? እኛ እኮ ቱቦ በእጃችን ነክተን አናውቅም። ማይክሮስኮፑ ራሱ አንድ ነው፣ ክፍሉ ሙሉ ተሰልፈን በየተራ ነው የምናየው። ተራዬ ሲደርስ መብራት ሄደ።"

የእኛም ኮሌጅ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ቢሆንም አላመንኳትም። ልጅቱ ግን ማውራት ትወድ ነበር። ፈተናዬ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሳላስበው "የፊታችን ቅዳሜ" አልኳት። ከአፌ እንደወጣ ጸጸተኝ። ቀጥላ "ከማን ጋር ነበር የሚያጠኑት?" አለችኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሐሙስ ጠዋት እሷን ጠሯት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ብርቱካን ይዛ ተመለሰች። ቃሉን ሳይሰጥ ቤተሰቡን ያገኘ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

"እናቴን ለትንሽ ጊዜ አገናኙኝ" አለች። ልጣ ግማሹን ዘረጋችልኝ።

"ሆዴን አሞኛል" አልኳት። እህቴ የላከችልኝን ምሳ ግን ዓይኗ እያየ በላሁ። ሽሮው ፍተሻ ላይ በእንጨት ተማስሎ ተማስሎ ነው የሚደርሰኝ።

ከምሳ በኋላ የእኔ ተራ ሆነ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"እናቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ትምህርት ምን ያደርግልዎታል? የልጅ ልጅ አያጫውቱም?"

"የልጅ ልጅ የለኝም።"

"እንግዲያው ቶሎ እንጨርስ። ፈተናዎም ቅዳሜ ነው።"

ፈተናው ቅዳሜ መሆኑን እዚያ ግቢ ውስጥ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከግቢው ውጪ ደግሞ ያቺ የሥራ ባልደረባዬ ታውቀዋለች፤ አብራኝ ነው የምትፈተነው። ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች እዚያው ቁጭ ብዬ ሳሰላ እሱ ወረቀቱን አስጠጋልኝ።

ሁለት ገጽ ነው። ቃሌ ነው ተብሎ በእሱ እጅ የተጻፈ። በጥናት ስም ሕገ ወጥ ስብሰባ እመራ እንደነበር ይላል። "ከእኔ ጋር የሚሰበሰቡትም" ካለ በኋላ ሦስት መስመር ባዶ ነው። ከዚያ በታች ለፊርማዬ የተተወ ቦታ።

"ስሞቹን ቢነግሩኝ ጥሩ። ካልሆነም እርስዎ ይፈርሙ፣ እኔ በኋላ እሞላዋለሁ። ዛሬ ማታ ቤትዎ ያድራሉ፣ ቅዳሜ ይፈተናሉ።"

ደግሜ አነበብኩት። ፈተናው ቢያመልጠኝ አንድ ዓመት እንደሚቃጠል፣ ቦታዬንም እንደማጣ አውቃለሁ። በእነዚያ ሦስት መስመሮች ላይ የሚጻፉት ሦስቱ ልጆች መሆናቸውንም አውቃለሁ። ስማቸውን ማንም ቢጽፈው ከሥሩ ያለው የእኔ ፊርማ ነው የሚሆነው።

"እስክሪብቶ ይስጡኝ" አልኩት።

በሥራችን መዝገብ ላይ ስህተት አይፋቅም፣ አይደለዝምም። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰረዛል፤ የተሰረዘው ከሥር መነበብ አለበት። ትክክለኛው ከላይ ይጻፋል፣ አጠገቡ አጭር ፊርማና ቀን ይደረጋል። ባዶ ቦታ ከተረፈ ሌላ ሰው እንዳይጽፍበት ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬያለሁ። "ስብሰባ እመራ ነበር" የሚለውን ሰረዝኩና ከላይ "ለፈተና አጠና ነበር" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ፣ ቀን ጻፍኩ። "ከእኔ ጋር" የሚለውንም ሰረዝኩ። ባዶዎቹ ላይ ሰያፍ አሰመርኩ፤ ፈረምኩ፣ ቀን ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ሙሉ ስሜን ጽፌ መለስኩለት።

"ይሄ ምንድነው?"

"እርማት ነው።"

"ማን አርሚ አለሽ?" አንቱታው ያን ጊዜ ቀረ።

"ስህተት ነበረበት።"

ወረቀቱን ቀዶ ሌላ ጻፈ። ያንኑ ቃል በቃል። እኔም ያንኑ አደረግኩ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ሁለተኛውንም ቀደደ። ሦስተኛውን ሲጽፍ የእጅ ጽሑፉ ተበላሽቶ ነበር፤ አንዱን ቃል ማንበብ አቅቶኝ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝና ነገረኝ። እሱንም ሰረዝኩት።

ሲጨርስ አልመታኝም። ይህን የምጽፈው ሊያመሰግኑት ለሚፈልጉ ነው። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተና "ቅዳሜን እዚሁ ታሳልፊያለሽ" አለኝ።

ስመለስ ልጅቱ ቦታዬን ጠብቃልኝ ነበር። "እትዬ፣ ምን አስፈረሙዎት?" አለችኝ።

"አንቺ ምን ቸገረሽ?"

በማግስቱ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ወሰዷት። የት እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔን ከፈተናው በኋላ ባለው ሐሙስ ለቀቁኝ። ልጆቹን አልጠሯቸውም፤ ሦስቱም ተመርቀዋል። የኮሌጁ ኃላፊ የማካካሻ ፈተና ስጠይቀው "ከነበሩበት ቦታ ደብዳቤ ያምጡ" አለኝ። የት ሄጄ እንደማመጣ እሱም ያውቅ ነበር። ያቺ ባልደረባዬም ተመርቃ ዛሬ አለቃዬ ናት። እኔ ከቦታዬ ዝቅ ተደርጌ፣ የምሠራውን ውጤት እሷ ታጸድቃለች። ጠዋት "እትዬ፣ እንዴት አደሩ?" ስትለኝ "እግዜር ይመስገን" እላለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

ባለፈው ወር ሰንጋ ተራ ታክሲ ተሰልፌ ሳለሁ ልጅቱን አየኋት። ከሲታ ሆናለች። አወቀችኝና ተጠጋች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እንዳይቀየሙኝ።"

"ጠይቂ።"

"ያኔ፣ ክፍሉ ውስጥ... ለእነሱ ነበር የሚሠሩት? ገና ከመግባቴ ጥያቄ ያበዙብኝ ነበር። የያዝኩትን ብርቱካን እንኳ አልነኩም።"

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተጓዘ።

"አይደለም" አልኳት። "አንቺስ?"

"ኧረ እኔም አይደለሁም።"

"እሺ።"

"እሺ" አለች እሷም። ሁለታችንም መንገዱን ተመለከትን። ታክሲው ሲመጣ በሩን ያዘችልኝና "ትምህርቱን ቀጠሉ?" አለችኝ።

"አቆምኩት" አልኳት።

ገብቼ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ፈተና ነበረኝ።