«ሕመም የለውም» ብዬ የጻፍኩ ዕለት

ለድሬሰርነት ፈቃድ ስንዘጋጅ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረንም። አንድ የተቦጫጨቀ ደብተር እየተቀባበልን ጥያቄውን ከነመልሱ እንደ ዳዊት እንሸመድድ ነበር። «ከሚጮኸውና ዝም ካለው በሽተኛ ማንን አስቀድመሽ ታያለሽ?» ይላል። «ዝም ያለውን!» ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም እመልሳለሁ። ኤዲያ! አፍ ብቻውን ቢያውቅ ምን ይረባል?

የምሠራው ከነጌሌ ወደ ቆላው ወረድ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ክሊኒክ ውስጥ ነበር። የከተማዋን ስም ተዉት። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ይሁን እንጂ እኔ የነጌሌ ልጅ ነኝ፤ ከቦረና ልጆች ጋር ስላደግሁ ኦሮምኛውም አማርኛውም የአፌ ነው።

የፈተናው ዕለት ፈታኙ ከነጌሌ በላንድሮቨር መጣ። ሽቶው ቀድሞት ገባ። የክሊኒካችን ኃላፊ ቴርሞሜትር ሳይነካ የበሽተኛውን ሁሉ ሙቀት ሠላሳ ሰባት እያለ ካርድ የሚሞላ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ነጭ ጋውን አጥልቆ «ጌታዬ፣ በዚህ ይለፉ፣ ጌታዬ» እያለ ይሽቆጠቆጣል። ለፈታኙ ስጦታ ብሎ ሁለት ሙክት በር ላይ አስሯል።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት በሽተኞች ተኝተዋል። አንደኛው ቂጡ ላይ እባጭ የወጣበት ነጋዴ ነው፤ «ወይኔ ልጆቼን!» እያለ ጣራውን ያናጋል። ሌላው ጠዋት በግመል የመጣ የቦረና ሽማግሌ ነው፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ጥግ ላይ ተኝቷል፤ ሚስቱ እግርጌው ቆማለች። ፈታኙ ነጋዴውን ሲያባብል፣ ሲያጽናና ቆየና ሰዓቱን አየ።

«አንቺ፣ ያንን ሽማግሌ እይና ንገሪኝ። ቶሎ በይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ መሄድ አለብን።»

ተንበረከክሁ። «አካም፣ አባ፣ ናጋ?» «ናጋ» አለኝ። ከብቱ ሰላም፣ ልጆቹ ሰላም፣ አገሩም ሰላም። ቦረና ሰላምታውን ሳያደርስ ችግሩን አይናገርም፤ ገና ከጅምሩ «አመመኝ» የሚል ሽማግሌ ራሱን አዋረደ ማለት ነው። ወሬው ገና ደጃፍ ላይ መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እጄን ሆዱ ላይ ባሳርፍ ሳንቃ! የእጁን ትርታ ብይዝ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል፣ ለመቁጠርም አይያዝ። ውስጡ አንድ ነገር ፈንድቷል። በዚያው ቀን ነጌሌ ደርሶ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ይሞታል። ያን ቀን ነጌሌ የሚሄደው ደግሞ የፈታኙ ላንድሮቨር ብቻ ነበር።

«ምን አለሽ?» አለ ፈታኙ።

«ሰላም ነኝ ነው የሚለው፤ ግን ጌታዬ፣ ሆዱ…»

«የጠየቅሁሽ ያለውን ነው! ወይስ ዶክተር ሆነሻል?»

ኃላፊያችን ከጀርባው ሆኖ ከንፈሩን ነከሰብኝ። ብወድቅ ጋውኔን አውልቄ ወደ እናቴ ቤት መመለሴ ነው። አጎንብሼ ጻፍኩ፤ «ሕመም የለውም። ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይሄ ነው። ቱ! የጻፈችው ይቺው እጄ ናት። ፈታኙ አነበበና «ጎበዝ! አጭርና ግልጽ» አለኝ። አንደኛ ወጣሁ። ጡረታ እስክወጣም በዚያ ወረቀት ነው እንጀራ የበላሁት።

ላንድሮቨሩ ሲነሳ ሽማግሌውን ማስተኛት ይቻል የነበረበት ቦታ ላይ ሙክቶቹ ተጋድመዋል። እኔም ከኃላፊው ጎን ቆሜ፣ ጥርሴን እያሳየሁ፣ እጄን እያውለበለብሁ ሸኘሁ። እስቲ አሁን እኔን ሰው ይሉኛል?

አቧራው ሳይበርድ ሮጬ ተመለስኩና ግሉኮስ ሰካሁለት። መኪና ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ፣ ለመንኩ፣ አለቀስኩ። ጨው የጫነ ካሚዮን ያገኘሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሾፌሩ ቦታ እስኪያመቻች ሽማግሌው አረፈ።

ሚስቱ በጋቢው ሸፍናው ወደ እኔ መጣች። ትረግመኛለች ብዬ ነበር፤ በረገመችኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዘችና በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ትናንት ሆዱን ስትነኪው ፊትሽን አይቻለሁ» አለችኝ። «ያወቅሽለት መስሎኝ እኮ ነው አፌን የያዝኩት።»