የውሰት ፍሬን

ደሳለው ወረታ አጠገብ ባለችው ቁሐር ሚካኤል በሬ ጠምዶ ያደገ ሰው ነው። ባጃጅ የያዘው ኋላ ነው፤ ይኸው ዛሬ ሚስቱና ልጆቹ የሚጎርሱት ከእሷ ነው። ደግ ሰው ነው፤ አሮጊት በእግሯ ስትሄድ አይቶ አያልፍም። ግን የወረታ ባጃጅ ነጂ ሁሉ በሽታ አለበት፤ ፍሬን ይንቃል። «ሜዳ ላይ ፍሬን ምን ይሠራል? ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ!» ይላሉ። ነዳጅ መስጠት ሲያቆሙ ባጃጇ ራሷ ትቆማለች፤ ካልቆመችም የሩዙ ማሳ ጭቃ ይቀበላታል። ክረምቱን ውኃ ውስጥ ሲገቡ ሲወጡ ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ ማለቁን ማን ልብ ብሎ! ወይ ጉድ!

ሳጅን ሰርክ ግን ልብ ትላለች። ትራፊክ ፖሊስ ናት፤ ኮስታራ። አንድ ጠዋት እጇን ዘርግታ ደሳለውን አስቆመችው፤ የቆመው ግን አልፏት ርቆ ሄዶ ነው። አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ታርጋውን ፈታችና «ፍሬኑን አሠርተህ አሳየኝ፤ ያኔ ትወስዳለህ» አለችው።

ሸራው ከወረታ ሱቆች ጠፍቷል፤ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ጠብቅ አሉት። ሆድ ይጠብቃል እንዴ? ነጂዎቹ ታርጋ ሲፈታባቸው ከጓደኛ ፍሬን ይዋሳሉ፤ አሳይተው ይመልሳሉ። ደሳለውም ጎረቤቱ አብዱልአሊም ዘንድ ሄደ። መንዳት ያስተማረው እሱ ነው።

«ዛሬን ብቻ፣ አብዱ፤ በሞቴ!»

«እንፍታው፤ እኔ ዛሬ አልወጣም» አለው አብዱልአሊም። ሸራውን ከራሱ ባጃጅ አውጥቶ በእጁ ገጠመለት።

ሰርክ ራሷ ነድታ ሞከረችው። ባጃጇ ቀጥ አለች። «እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ ታርጋውን ሰጠችው። ደሳለው ደስ አለው፤ ደግሞም አፈረ። ታርጋውን አስሮ ሳይጨርስ የሰርክ ስልክ ጮኸ። ወደ ሐሙሲት ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ባጃጅ ከብት ሲሻገር መቆም አቅቷት ተገልብጣለች።

«ንዳ! ያንተ ደህና ናት፤ አሁን አይቻታለሁ» ብላ ከኋላው ገባች።

ደርሶ ሲያይ የተገለበጠችው የአብዱልአሊም ባጃጅ ናት። ደሳለው ዘሎ ወረደ። አብዱልአሊም ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ እግሩ ተሰብሮ ሱሪው በደም ርሷል።

«ምነው? አልወጣም አላልክም?»

«አማቴ ሐሙሲት ላይ መኪና አጥተው ደወሉ» አለው እያቃሰተ። «አማት እምቢ ይባላል? ሜዳ ነው፣ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ ብዬ…»

ደግፈው ሲጭኑት የደሳለውን ጆሮ ወደ አፉ ሳበ። «እንዳትነግራት። ታርጋህን ትወስድብሃለች።»

ደሳለው ሞተሩን አስነሣ። ወደ ሐኪም ቤት ነዳ። ወረታ ሊገቡ ሲሉ ከብቶች መንገዱን ሞልተው ተሻገሩ። ፍሬኑን ረገጠው፤ ባጃጇ ከፊቷ ያለችውን ላም ሳትነካ ቀጥ አለች።

«አየህ?» አለች ሰርክ ከኋላ፣ የቁስለኛውን ራስ ደግፋ። «ፍሬንህን ባታሠራ ኖሮ ዛሬ እኛም አልቀን ነበር።»

«የእሱ ነው!» አለ ደሳለው። «ሳጅን፣ ፍሬኑ የእሱ ነው! ለአንቺ ላሳይ ብዬ ከእሱ ባጃጅ ላይ አስፈትቼ ነው!»

«ዝም በል አንተ!» አለ አብዱልአሊም።

ሰርክ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች።

«ንዳ» አለችው። ደሳለው እያለቀሰ ነዳ።