ለጉማሬ የተተወ መንገድ

ትናንት የጨረስሁትን አጥር ጉማሬ ጥሶት አደረ። ዞሮ ለማለፍ እንኳ አልሞከረም።

ቦታው ደልጊ አጠገብ፣ ጣና ዳር ያለው የጋሼ ሰይድ የበቆሎ ማሳ ነው። በቆሎው ለእሸት ደርሷል፤ የቤቱ የዓመት ቀለብም እሱው ነው።

«ወፈር ያለ የባሕር ዛፍ ቋሚ ልትከልልዎት?» አልኋቸው።

«ምን ብትተክል ይጥሰዋል። ከሐይቁ ወደ ሣሩ የሚወጣበት የጥንት መንገዱ ነው። መሀሉን ተውለትና ግራና ቀኙን እጠር።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሳቁ፦ «መዝጊያም አብጅለት፤ ሲመጣ ያንኳኳል!»

እንደታዘዝሁት ግራና ቀኙን አጥሬ፣ መሀሉን ክፍት ትቼ ገና አሁን ቤቴ ገባሁ። ዛሬ ማታ መንገዱን ይዞ ያልፋል ወይስ ወደ እሸቱ ይታጠፋል? ነገ ዳናውን እስካይ ቸኩያለሁ።

በእናንተ አገር አጥር ሲታጠር መንገድ የሚተውለት ማን ነው?