ማኅተም የተመታበት የዓሣ ገንዳ

በጥርስ ክሊኒካችን የጽዳት ሠራተኛዋን በስማቸው የሚጠራ የለም። «እትዬ በረኪና» ነው የምንላቸው፤ እሳቸውም ስሙን ከነሽታው ተቀብለውታል። ሠላሳ ዓመት ወለል ፈትገዋል። እኔ ካርድ ክፍል ተቀምጬ ስንቱን ታካሚ «እግርህን አንሣ» ሲሉት ሰምቻለሁ፤ የታመመ ጥርሱን እንደያዘ ያነሣል።

ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው ዶክተሩ ወረፋ የሚጠብቁ ሕፃናት እንዳይፈሩ ብሎ የዓሣ ገንዳ አመጣና አዘጋጁልኝ አላቸው። እትዬ መስተዋቱንም ጠጠሩንም በበረኪና ፈትገው፣ አለቅልቀው፣ ከቧንቧ ሞሉት። ውኃ ያለበት እስከማይመስል ድረስ ጠራ። በዚያው ቀን ሦስት ዓሦች ገቡ፤ በማግስቱ ሦስቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። እትዬ እንደዚያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። «ገደልኳቸው» ይላሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ዶክተሩ ገንዳው ዕቃ ቤት ይግባ ሲል ግን አንድ ዕድል እንዲሰጣቸው ለመኑት። የሠላሳ ዓመት ሥራቸውን በሦስት ሬሳ መጨረስ አልፈለጉም።

ዓሣ ሻጩ መጥቶ አስረዳቸው። በረኪና የሚባል ነገር አይጠጋም። የቧንቧው ውኃ መድኃኒቱ እስኪለቀው ይደር። ከዚያ ማጣሪያው ያለ ዓሣ አንድ ወር ይሥራ፤ በየቀኑም ቆንጠር ተደርጎ የዓሣ ምግብ ይጣልበት። ምግቡ ሲበሰብስ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ይራባሉ፤ ኋላ ከዓሦቹ ኩስ የሚወጣውን መርዝ የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ስፖንጁ አይታጠብም።

እትዬ ግራ ገባቸው። «ቆይ፣ ቆሻሻውን የሚያጸዳው ቆሻሻ ነው?»

«እንደዚያ ይበሉት፣ እናቴ።»

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጡ። ማንም ለሌለበት ቤት ምግብ ማቅረቡ ራሱ አልዋጥላቸው አለ። በሁለተኛው ሳምንት ውኃው የሩዝ እጣቢ መሰለ፤ እሳቸውም ባልዲ ይዘው ገንዳውን ይዞሩት ጀመር። እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ ዘበኛው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ቢላቸው፣ ዓሣው የታለና ብለው ተቆጡት። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጡ። ምግቡን እኔ እንድጥል፣ ክዳኑንም ከምግብ መጣያዋ ቀዳዳ በቀር በፕላስተር አሽጌ የክሊኒኩን ማኅተም እንድመታበት ጠየቁኝ። እጃቸውን ማመን አቅቷቸው ነበር። ማኅተሙን መታሁላቸው።

በታሸገ በአሥረኛው ቀን ውኃው ራሱ ጠራ። ይኼ ደግሞ ጭራሽ አዞረባቸው። ወሩ ሲሞላ ሻጩ ውኃውን መርምሮ ደኅና ነው አለ፤ ሦስት ዓሦች ለቀቀበት።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ መወልወያቸውን ይዘው በር ላይ ቀሩ። ቀድሜ እንዳይ ላኩኝ። ሦስቱም ይዋኛሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ያልታጠበውን ስፖንጅ ይለቅማል። ነገርኳቸው። ቀስ ብለው መጡና ቆመው አዩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ዞር አሉ።

«እኔ ሳልነካው ጠራ፤ እኔ ሳልነካው ኖሩ» አሉ። «ታዲያ ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ሳጸዳ ነበር?»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ዓይናቸውን አየሁና ተውኩት።